በሰው በር ላይ የተለጠፈ ስም

ግዛው ሥራ ቦታው ላይ አፉ ማር ነው። አብረውት የሚሠሩት ይመሰክራሉ፣ ቁማርተኞቹም ይመሰክራሉ። የማትመሰክረው ሚስቱ ብቻ ናት።

ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ቱሪስት ከሚተራመስበት ጎዳና ራቅ ብሎ የሰፈር ሰው በሚያዘወትረው አንድ ካዚኖ፣ ካርድ ሲያድል አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሥራውን ያስተማረችው ካርላ የምትባል አንጋፋ ዲለር፣ ማለትም ካርድ አዳይ ነበረች። ካርላ ካርድ አበዋወዝ ከማሳየቷ በፊት ሁለት ሕግ አስጠናችው። አንደኛው፣ "የሰው ስም ሲጠፋህ ሃኒ በል፤ ሃኒ የተባለ ሰው ሲሸነፍም ብዙ አይናደድም" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ "ሚስትህን ጠረጴዛ ላይ አታምጣ" የሚል ነው። ሰው የሚጫወተው ከዲለሩ ጋር እንጂ ከዲለሩ ቤተሰብ ጋር አይደለም ማለቷ ነው።

ግዛው ትምህርት ቶሎ ይገባዋል። ዓመት ሳይሞላው የቁልምጫ ቃላቱን ለየሰዉ በልኩ ማደል ጀመረ። ከአሜሪካ ደቡብ ለመጡት ሹገር፣ ቀይ ሊፕስቲክ ለሚቀቡ አሮጊቶች ስዊትኸርት፣ ከእንግሊዝ አገር ለመጡ እንግዶች ዳርሊንግ። ፓምኪን የሚላት ደግሞ አንዲት ጡረታ የወጣች ፖሊስ ነበረች። ዱባ ማለት እኮ ነው! አገር ቤት አንዲትን ሴት ዱባዬ ብሎ የጠራ ሰው በሰላም ቤቱ አይገባም፤ ያቺ ፖሊስ ግን በተጠራች ቁጥር ትሽኮረመም ነበር።

ይኸው አፍ ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ደርሶ ጋራዡ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ግዛው ሚስቱን ሲፈልጋት "ስሚ" ነው የሚላት። ጨው ሲፈልግ "ስሚ"፣ ሲያመው "ስሚ"፣ ስልክ ሲደውልላትም "ስሚ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

ስም አጥቶላት አይደለም። ሚስቱ እንዲያውም ሁለት ስም አላት። አባቷ ያወጡላት እናትነሽ ነው፤ ፓስፖርቷም የሥራ ባጇም ላይ ያለው እሱ ነው። ሁለተኛውን ያወጡላት የግዛው እናት እማማ ደመቀች ናቸው። ደብረ ማርቆስ፣ ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ደጃቸው በደረሰች ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ አማት ለምራት ስም ማውጣት ነበረባቸው። እማማ ደመቀች ፊቷን የሸፈነውን ሻሽ ገለጥ አደረጉና ዝም ብለው አዩዋት። ዘፋኙም አጨብጫቢውም ጸጥ አለ። ብዙ ካዩዋት በኋላ "ብርቅታይት" አሉ። እልልታው ቀለጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ግቢ ውስጥ እናትነሽ ብሎ የጠራት ሰው የለም።

ላስ ቬጋስ በዲቪ ከመጡ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ወረቀቱ እናትነሽ አለ፣ ክሊኒኩ እናትነሽ አለ፣ እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ማያ ማሚ አለች። እማማ ደመቀች ሲሞቱ ብርቅታይት ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ግዛው ነው። እሱ ደግሞ ተወው። መቼ እንደተወው ቢጠየቅ አያውቅም። ለእንግዳ ሰው በቀን መቶ ጊዜ ስዊትኸርት ሲል የማያፍር ሰው፣ የገዛ ሚስቱን በሙሽርነቷ ስም ለመጥራት ያፍር ነበር።

አንድ ጊዜ ከገበያ ሲመለሱ፣ መኪና ውስጥ፣ "ያ ስሜ ግን የት ገባ?" አለችው እየሳቀች። እሱም ሳቀና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። መሳቋን ነበር ያየው፤ መጠየቋን ልብ አላለም።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚነሳ ትንሽ አውቶቡስ ካዚኖው በር ላይ ይቆማል። ከሚወርዱት አንዷ ሚስ ሃሪየት ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ላይብረሪ የጨረሱ ሴት ናቸው። ከግዛው ጠረጴዛ የመጨረሻዋን ወንበር ይይዙና በትንሽ ብር ብዙ ሰዓት ይጫወታሉ። ካርዱ ሰበብ ነው፤ የሚመጡት ለወሬ ነው።

"ዳርሊንግ የሚለውን ሁሌ ትለዋለህ፤ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?" አሉት አንድ ቀን።

"ከእንግሊዝ ነዋ።"

ሳቁበትና አስተማሩት። ዲር ማለት ውድ ነው፤ ጫፉ ላይ የተቀጠለው ደግሞ ትንሽነትን ያሳያል፤ ትንሿ ውዴ እንደ ማለት ነው። ከሺህ ዓመት በላይ የሰው አፍ ውስጥ የኖረ ቃል ነው። ስዊትኸርት ድሮ ለየብቻ የሚጻፉ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ አብረው ከመዋል ብዛት አንድ ሆኑ። ሃኒ ደግሞ፣ ስኳር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሰው የሚያውቀው ጣፋጭ ነገር ማር ስለነበር የመጣ ነው። ግዛው ይህን ሁሉ ከሳቸው እየሰማ ለሌሎች ተጫዋቾች ይቸረችረው ጀመር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሚስ ሃሪየት ካርዳቸውን ገፋ አደረጉና፣ "እኔን ሃኒም፣ ዳርሊንግም ብለኸኛል" አሉት። "ግን ለሁሉም ነው የምትለው፤ ጆሮ እኮ አለኝ። ከአገርህ አንድ ስጠኝ። ታሪክ ያለው ይሁን።"

"የኔ ማር" አላቸው፤ ትርጉሙንም ነገራቸው።

"እሱማ ሃኒ ነው!"

"ሆዴ።"

ሆድ ምን እንደሆነ ሲነግራቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ በሳቅ ፈረሰ። ሚስ ሃሪየት አልሳቁም። "ሌላ" አሉ።

ይሄኔ ግዛው ኩራት ቢጤ ያዘው። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ሻሹ፣ እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ስለማየታቸው፣ ስለ ስሙና ስለ እልልታው አንድም ሳያስቀር ተረከላቸው። አሳምሮ ነው የተረከው። ሰውዬው እንኳ ሳቁን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። የሚስ ሃሪየት ዓይን እንባ ሞላ።

"አሁን በዚህ ስም የምትጠራው ማንን ነው?" አሉት።

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ሚስቴን ቢል ያበቃ ነበር። ግን የካርላ ሁለተኛ ሕግ ምላሱ ላይ ቆመበት። ሕጉስ ይቅር፣ ሚስቴን ቢል እውነት አልነበረም፤ መጥራቱን ከተወ ስንት ዓመቱ። ያንን ለሚስ ሃሪየት ከማስረዳት መዋሸቱ ቀለለው።

"ማንንም" አለ። "እናቴ ሞተዋል። አሁን ባለቤት የለውም።"

"እንግዲያው ለኔ ስጠኝ።"

"ይውሰዱት። የርስዎ ነው።"

በእረፍት ሰዓቱ ነጭ ካርቶን ፈልጎ፣ ስሙን በጥቁር ማርከር በጉልህ ፊደል ጻፈላቸው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርና እጅ ጽሑፉ ያምራል። ሚስ ሃሪየት ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። ትተውለት የሄዱት ቲፕም ከወትሮው የተሻለ ነበር። ግዛው በዚያ ቀን እያፏጨ ነው ቤቱ የገባው፤ በኋላ ከሁሉ የበለጠ ያሳፈረው ማፏጨቱ ነው።

ሚስቱ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ወገቧን ስለጎዳት፣ በዚያው ሰሞን ሥራ ቀየረች። ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ገባች። "ጥሩ ቦታ ነው" አለችው፤ "ጎሽ" አላት። የቦታውን ስም አልጠየቃት።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሚስ ሃሪየት ጉንፋን ይዟቸው ከአውቶቡሱ ቀርተው ነበር። ማክሰኞ ሚስ ሃሪየት መጡና ገና ሳይቀመጡ ወሬ ጀመሩ።

"ከአገርህ የመጣች አዲስ ሠራተኛ አለችን" አሉት። "በመጀመሪያ ቀኗ ፎጣ ይዛ መጣችና በሬ ላይ ቆማ ቀረች። እዚያ የለጠፍኩትን ያንተን ጽሑፍ በጣቷ አንድ በአንድ ነካካችው። ታነቢዋለሽ ወይ? አልኳት። አዎ አለች። ያምራል አይደል? አልኳት። በጣም ያምራል አለችና ገብታ አልጋዬን አነጠፈችልኝ። እኛ ጋ ደንቡ ሰው በፈለገው ስም መጠራት ነው። ሌሎቹ ስሙን ያበላሹታል፤ እሷ ብቻ ናት አስተካክላ የምትጠራኝ። በየጠዋቱ!"

ግዛው ሰው በሌለበት ወንበር ፊት ካርድ ጣለ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ አየው።

"ስሟ ማን ነው?" አለ፣ ድምፁ ከሌላ ሰው የወጣ መስሎት።

"እናት ምናምን ነው፤ ረጅም ነው። ደግ ልጅ ናት። ደህና ነህ ግን አንተ?"

ደህና አልነበረም። ደሙ ሁሉ ፊቱ ላይ ወጥቶ ጆሮው ይግል ነበር። ደግነቱ ተረኛው ሱፊያን መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው። ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሳ እጁን አጨብጭቦ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ምንም እንዳልወሰደ ለካሜራ ማሳየት አለበት። ግዛውም አጨብጭቦ መዳፉን ገለበጠ። ካሜራው ያገኘበት ነገር የለም። ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፤ መስታወቱን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ስታስኬድ ታየው። የሱን ብ ታውቀዋለች፣ የሱን ቅ ታውቀዋለች። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሙሉውን ማንበብ አያስፈልጋትም ነበር።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ የሥራ ልብሷን ትተኩስ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

"ስሚ" አለ። ወዲያው የገዛ ቃሉ አስጠላው።

"አቤት" አለች፣ ከልብሱ ላይ ቀና ሳትል።

"ሚስ ሃሪየት ዛሬ መጥተው ነበር።"

ካውያውን ጎኑ ላይ አቆመችው። "እሺ፤ አወቅክ ማለት ነው" አለች።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ? ስሜን ሰው በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት ልበልህ?" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብታደርግ ይሻለው ነበር። "መጀመሪያ ሌላ ብርቅታይት ትኖራለች ብዬ ነበር። ጽሑፉን ሳየው ግን ምን ልበል? በየጠዋቱ በሩን አንኳኩቼ፣ ብርቅታይት፣ ደህና አደሩ ወይ? እላቸዋለሁ። ደንብ ነዋ። አቤት ይሉኛል፣ ፊታቸው እየበራ። እኔ በዚህ ስም አቤት ካልኩ ስንት ዓመት ሆነኝ ግዛው?"

ግዛው የበሩን ጉበን ያዘ።

"ባለቤት የለውም አልክ አሉ" አለች። "እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ባለቤት የሌለው ስም ነው ያገኘሁት ብለው፣ ደስ ብሏቸው።"

ግዛው እዚያው ቆሞ ከእግሩ እስከ ራሱ አፈረ። ይህን ያህል ዓመት ለእንግዳ ሲበትን የኖረው ቃል ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ የሚሳለቅበት መሰለው። "ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አለ። እሷ ካውያውን አነሳች።

ረቡዕ የእረፍት ቀኑ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስፕሪንግ ቫሊ ደረሰ፣ መኪናውን ፓርክ አደረገና ገባ። የመመገቢያው አዳራሽ ሞልቷል። ሚስቱ የሾርባ ጋሪ እየገፋች ነበር፤ አየችውና ጋሪውን አቆመች። እሱ ሳይደርስ ሚስ ሃሪየት አዩት።

"እሱ ነው!" ብለው ጮኹ። "ስሜን ያወጣልኝ ሰው እሱ ነው!"

አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ አዛውንት ተነሥተው እጁን ጨበጡት። አንዲት አሮጊት ለኔም አንድ አውጣልኝ አለችው። ግዛው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ያ ለስላሳ እንግሊዝኛው እንዳለ ጠፋበት፤ ገና በመጣ ሰሞን እንደነበረው ቃል በቃል እየለቀመ ተናገረ።

"ሚስ ሃሪየት፣ ዋሽቼዎታለሁ። ስሙ ባለቤት አለው። እናቴ ያወጡት ለሚስቴ ነው። ሚስቴ ደግሞ" አለና ወደ ጋሪው አመለከተ፣ "እሷ ናት።"

ጭብጨባው በአንዴ ቀጥ አለ። ሚስ ሃሪየት እሱን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠሪኝ…" አሉ። "ልጄ፣ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደስ ብሎዎት ነበራ" አለች።

ሚስ ሃሪየት መደገፊያቸውን ይዘው ተነሡ። ማንም አልተከተላቸውም። መደገፊያው በኮሪደሩ ላይ እየተንኳኳ ሲሄድና ሲመለስ አዳራሹ ሙሉ አዳመጠ። ሲመለሱ ካርቶኑን ይዘው ነበር። ለሚስቱ በሁለት እጃቸው ሰጧትና ወደ ግዛው ዞሩ።

"እኔ ስም ስጠኝ አልኩህ እንጂ የሰው ቀምተህ አምጣልኝ አላልኩህም" አሉት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ የቀዘቀዘ ሾርባቸውን መጠጣት ጀመሩ።

ግዛው መኪናው ውስጥ ገብቶ የሚስቱ ሺፍት እስኪያልቅ ጠበቀ። ፀሐዩ መሪውን የማይነካ አድርጎታል፤ ኤሲ መክፈት ግን አላሰኘውም፣ እዚያው መለብለቡ የተገባው መሰለው። እሷ የራሷ መኪና አላት፤ ወደዚያ ትሄዳለች ብሎ ነበር። ስትወጣ ግን ቀጥ ብላ መጣችና የሱን በር ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"ለኔ አንድ ቀን እንኳ ጽፈህልኝ አታውቅም" አለች፣ ፊደሎቹን እያየች።

"አዎ" አለ።

"እማማ ስሙን የሰጡት ለኔ ነው። ላንተ የሰጡህ መጥራቱን ነው።"

"አዎ።"

ጠርቷት ነገሩን ሁሉ መካስ አማረው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ብርቅታይት" አለ።

ገና ከአፉ ሲወጣ ሰማው። ለስለስ ያለ፣ ጫፉ ላይ ፈገግታ የተቀባ፣ ካርድ ሲያድል የሚናገርበት የጠረጴዛው ድምፅ ነበር። ሹገርን የሚልበት፣ ፓምኪንን የሚልበት። ሌላ ድምፅ ነበረው፤ ድሮ ደብረ ማርቆስ፣ ከበር ሆኖ ሲጠራት የነበረበት። ያንን ፈለገው፤ አጣው።

እሷም ሰምታዋለች። ፊቷን ወደሱ አዞረች።

"ለነሱ እንደዚህ ነው የምትላቸው?" አለችው።

መካድ አልቻለም። አንገቱን ደፋ። እንባው አፍንጫው ጫፍ ድረስ መጣ፤ በሱም ደግሞ አፈረ።

"በዚህ ድምፅ አትጥራኝ" አለች።

እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ አደረገች። ግዛው ሄደች ብሎ ትንፋሹን ያዘ። መክፈቻውን ግን አልሳበችውም። እጇን መለሰችና ካርቶኑ ላይ አስቀመጠች፤ ከመስታወቱ ባሻገር ያለውን ባዶ ፓርኪንግ እያየች ተቀመጠች።

"እንደገና" አለችው።

ግዛው አፉን ከፈተ። በዚያ አፍ ስንቱን ሴት እንዳልጠራበት፣ አሁን አንዲት ቃል አልወጣ አለችው። እሷ ወደሱ ሳትዞር ጠበቀች።